ስንነዳ እንደር ወይስ ተኝተን እንደር? ከሲልቨር ስፕሪንግ እስከ ኦሮራ በበረዶ ወቅት

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ወደ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ልንዛወር ነው። የምንነሳው ዲሴምበር 26 ነው። መኪናችን የ2015 ቶዮታ ሃይላንደር ናት። ባለቤቴ፣ የ7 እና የ3 ዓመት ልጆቻችን፣ የ68 ዓመት እናቴ እና የአጎቴ ልጅ አብረን ነን። ጉግል 25 ሰዓት ይላል። እኔና የአጎቴ ልጅ እየተቀያየርን ሳናድር ብንገባ ምን ይመስልዎታል? ዕቃ ስለበዛ ከኋላ ትንሽ ዩሆል (የኪራይ ተጎታች) ብንጎትትስ? ሰዎች ደግሞ የኮሎራዶ ተራራ ያለ ጎማ ሰንሰለት አይታለፍም እያሉ አስፈራርተውኛል። እናቴ ስኳር አለባቸው፤ ጾሙንም አይተዉም።»

ወንድሜ፣ መልሱን አስቀድሜ ልንገርህ። አራት ቀን ንዱ፣ ሦስት ሌሊት እደሩ። ዩሆሉን ተወው። ሰንሰለቱንም ተወው። ምክንያቱ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ያንተም መንገድ 1,680 ማይል ገደማ ስለሆነ ታገሠኝ።

ጉግል 25 ሰዓት ያለው ውሸት አይደለም። ግን ጉግል ሽንቱ አይመጣም። የ3 ዓመት ልጅም አያስታውክበትም። ስድስት ሰው የጫነ መኪና አንዴ ቆመ ማለት ቢያንስ 25 ደቂቃ ሄደ ማለት ነው። አንዱ ሲመለስ ሌላው «እኔም» ይላል። 25ቱ ሰዓት ሳታስበው 31 ወይም 32 ይሆናል።

ትራክ መንዳት ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። አንተ የምትሄድበትን ኢንተርስቴት 70ን፣ እኛ ሰቨንቲ የምንለውን፣ ስንቴ እንደተመላለስኩበት መቁጠር ትቻለሁ። እና አንተ ያሰብከውን እኔም አድርጌዋለሁ። ያውም በትራክ አይደለም፣ በራሴ መኪና። የዘመድ ሰርግ ነበር። እኔና የአጎቴ ልጅ ማለዳ ከሜሪላንድ ወጣን። እየተቀያየርን፣ ቡና እየጠጣን፣ ሙዚቃውን ከፍ አድርገን። በፈረንጅ ሰዓት ሌሊት 2 ላይ ካንሳስ ውስጥ ሄይስ ልንደርስ ስንል እሱ አጠገቤ ተኝቷል። የኔም ዓይን ክፍት ነበር፤ ግን አላይም ነበር። ያነቃኝ መንገዱ ዳር ላይ የተቦረቦረው አስፋልት ነው። ድድድድድ ሲል መሪውን መለስኩ። የአጎቴ ልጅ አልነቃም። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም።

የሚያሳፍረው ምን መሰለህ? ያን ቀን ትራክ ላይ ብሆን ኖሮ ሕጉ ራሱ ከብዙ ሰዓት በፊት ያስቆመኝ ነበር። እኛ በአንድ ፈረቃ ከ11 ሰዓት በላይ መንዳት አንችልም። ሥራ ከጀመርንበት ደቂቃ አንስቶ 14 ሰዓት ሲሞላ፣ 11ዱን ብንጨርስም ባንጨርስም፣ ቀኑ ያልቃል። 8 ሰዓት ከነዳን 30 ደቂቃ ማረፍ ግዴታ ነው። ከዚያ 10 ሰዓት እረፍት። መኪናው ላይ የተገጠመው መሣሪያ ይህን ሁሉ ይመዘግባል፤ ማጭበርበር የለም። ይህ ሕግ የወጣው ሥራው መንዳት ለሆነ ሰው ነው። አንተን የሚያስቆምህ ሕግ የለም። ስለዚህ የራስህን ሕግ ከቤት ይዘህ ውጣ።

«ግን ሁለት ነን» ትለኛለህ። አዎ፣ ሁለት ሾፌር በአንድ ትራክ አለ፤ ቲም ይባላል። ልዩነቱ አልጋው ነው። አንዱ ሲነዳ ሌላው ከኋላ በጀርባው ተዘርግቶ ይተኛል። አንተ ጋ ግን ሁለተኛው ሾፌር ወንበር ላይ አንገቱን አጣሞ፣ ሕፃን እያለቀሰ፣ መብራት ዓይኑ ላይ እየበራበት ነው «የሚተኛው»። ያ እንቅልፍ አይደለም። ከሌሊቱ 3 ሰዓት ላይ ሁለት የደከሙ ሾፌሮች ነው የሚኖሩህ። ሁለት መሆናችሁ ጥሩ ነው፤ ግን ለቀኑ ነው የሚጠቅማችሁ። በየሁለት ሰዓቱ ተቀያየሩ።

ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር የምጽፈው ሞቴሉም መንገዱም በሱ ስለሚሄድ ነው። ለእናትህ ስትነግራቸው ግን ቀይርላቸው። «ጠዋት 5 ሰዓት እንነሳለን» ካልካቸው ረፋድ ላይ ነው ብለው ተዝናንተው ይተኛሉ።

አሁን ወደ ዕቅዱ። አብዛኛው ሰው መንገድ ሲያቅድ ማይል ይቆጥራል። እኔ የምቆጥረው ብርሃን ነው። በዲሴምበር መጨረሻ በዚህ መንገድ ላይ ያለህ ብርሃን ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ነው። ደግሞ የምትሄደው ወደ ምዕራብ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባህ ናት፤ መንገዱ እንደ ፎቶ ጥርት ብሎ ይታይሃል። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ይቅርታ፣ ከሰዓት በኋላ 3 ሰዓት ካለፈ ግን ዝቅ ብላ ከፊት ለፊትህ ትመጣለች። (አየህ፣ እኔም ይምታታብኛል።) መስታወቱ ላይ የደረቀ የጨው ውሃ ካለ ደግሞ ጭራሽ ነጭ መጋረጃ ይሆናል። ስለዚህ በጊዜ ተነስቶ ከቀኑ 3 ሰዓት በፊት መግባት ነው። መንገዱ ራሱ ይረዳሃል፦ ኢሊኖይ ስትገባ አንድ ሰዓት፣ ካንሳስ መጨረሻ ላይ ሌላ አንድ ሰዓት ታተርፋለህ። ያተረፍከውን ሰዓት ግን ለእንቅልፍ አውለው። ብዙ ሰው «ገና በጊዜ ነው» ብሎ መቶ ማይል የሚጨምርበት እሱን ነው።

አንድ ነገር ልብ በል። ማለዳ መነሳት ጥሩ የሚሆነው አስፋልቱ ደረቅ ሲሆን ነው። ማታ ዘንቦ ሌሊቱን ከቀዘቀዘ ጎህ ሳይቀድ አትውጣ። በተለይ ድልድይ ላይ የማይታይ በረዶ ይጋገራል፤ ከላይም ከታችም ነፋስ ስለሚያገኘው ከመንገዱ ቀድሞ ይቀዘቅዛል። እንዲህ ባለ ቀን ክሩዝ ኮንትሮል፣ ፍጥነቱን ራሱ የሚይዘው፣ አይነካም።

የመጀመሪያው ቀን ከአራቱ ሁሉ አስቸጋሪው ነው። ሰው ካንሳስን ይፈራል፤ እኔ በዲሴምበር የምፈራው ምዕራብ ሜሪላንድንና ፔንሲልቬንያን ነው። ከቤት ጠዋት 5 ላይ ውጣ። በኢንተርስቴት 270 እስከ ፍሬድሪክ፣ ከዚያ ሰቨንቲ። ሃንኮክ ስትደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ቀጥታ ብትሄድ ኢንተርስቴት 68 ነው፤ ክፍያ የለውም፣ እይታው ያምራል፣ ግን ዳገትና ቁልቁለቱ አያልቅም። ጋሬት ካውንቲ የሚባለው የሜሪላንድ ጫፍ በዓመት ከ100 ኢንች በላይ በረዶ የሚወርድበት ነው፤ ጉሙም ክፉ ነው። በበጋ ቢሆን ሂድበት እልህ ነበር። አሁን ግን ሰቨንቲን ይዘህ ወደ ብሪዝውድ ውጣ፤ ከዚያ የፔንሲልቬንያን ተርንፓይክ፣ የሚከፈልበትን አውራ ጎዳና፣ ያዝ።

ብሪዝውድ ስትደርስ እንዳትደነግጥ። ሃይዌይ ላይ ነኝ ስትል ድንገት የትራፊክ መብራት፣ ነዳጅ ማደያና የበርገር ቤት የተደረደረበት መንደር ውስጥ ትገባለህ። አልተሳሳትክም። ኢንተርስቴቱ በቀጥታ ስላልተገናኘ ሁላችንም በዚያች መንገድ እናልፋለን። ነዳጅ ቅዳ፣ ልጆቹን አሽና፣ ቀጥል።

ተርንፓይኩ ላይ ከብሪዝውድ እስከ ኒው ስታንተን 86 ማይል ነው። ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። ኢዚፓስ (መስታወት ላይ የሚለጠፈው የክፍያ መሣሪያ) ካለህ ዋጋው በጣም ይቀንሳል። ከሌለህ ካሜራው ታርጋህን ያነሳና ሂሳቡ በፖስታ ይመጣል። ወዴት? መኪናው ወደተመዘገበበት አድራሻ። አንተ ደግሞ ያን ቤት ለቀሃል! የሚዛወር ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይበላል። ሳይከፈል ቆይቶ ቅጣት ይጨመርበታል። ካንሳስ ውስጥም ከካንሳስ ሲቲ እስከ ቶፒካ ያለው ተርንፓይክ ከ2024 ጀምሮ በካሜራ ሆኗል። ከመነሳትህ በፊት ፖስታ ቤት ሄደህ የአድራሻ ለውጥ አስመዝግብ። ከደረስክ በኋላም የሁለቱንም ተርንፓይክ ድረ ገጽ እየገባህ እይ።

ከኒው ስታንተን እስከ ዋሽንግተን፣ ፔንሲልቬንያ ድረስ መንገዱ ያረጀ ነው። መግቢያዎቹ አጫጭር ናቸው፤ የሚገባው መኪና ሳይፈጥን ነው ፊትህ የሚደቀነው። ቀኝ ሌን ላይ አትለጠፍ። ከዚያ ዌስት ቨርጂኒያ ትመጣለች፤ እዚህ መንገድ ላይ ያላት 14 ማይል ብቻ ነው። ኦሃዮ ወንዝን ከተሻገርክ ጭንቁ አለቀ፤ ተራራው ረገብ እያለ ይሄዳል። ኮሎምበስ ከቀኑ 2 ሰዓት ገደማ ትደርሳለህ። ግን ከተማዋ ውስጥ አትደር። አቋርጠህ በምዕራብ በኩል ሂሊያርድ አካባቢ ወይም ትንሽ ራቅ ብለህ እደር። ትልቅ ከተማ ሁልጊዜ ከተሻገርከው በኋላ ነው የሚታደረው፤ ያለዚያ ጠዋት የሥራ ሰዓት ትራፊክ ውስጥ ነው የምትነሳው።

ሁለተኛው ቀን ቀላል ነው። ኮሎምበስ፣ ዴይተን፣ ኢንዲያናፖሊስ፣ ሴንት ሉዊስ፤ 415 ማይል ገደማ። ዴይተን አጠገብ የአየር ኃይል ሙዚየም አለ፤ መግቢያው ነጻ ነው፤ የ7 ዓመቱ ልጅህ ያብድለታል። ግን ግማሽ ቀን ይበላልና ለሌላ ጊዜ አቆየው። ኢሊኖይ ውስጥ ኤፊንገም ላይ 198 ጫማ ቁመት ያለው ነጭ መስቀል ከመንገዱ ይታያል። ለእናትህ አስቀድመህ ንገራቸው፤ ያለዚያ ተኝተው ያልፋቸዋል።

ሴንት ሉዊስ ሚሲሲፒን ስትሻገር በግራህ ትልቁ ቅስት ይታይሃል፤ 192 ሜትር ነው። ፎቶውን የሚያነሳው ባለቤትህ ይሁን እንጂ አንተ አይደለህም። ከተማውን አልፈህ ሴንት ቻርልስ ወይም ዌንትዝቪል እደር።

ስለ ሞቴል ሁለት ነገር ብቻ። እስከ ማታ 6 ሰዓት ድረስ ያለ ቅጣት የሚሰረዝ ያዝ፤ በዚህ ወቅት ዕቅድ ይፈርሳል። ለእናትህ ደግሞ ምድር ቤት ጠይቅ። ቡናውን ክፍል ውስጥ እንቁላ ካሉህ በትሕትና አስቁማቸው። የጭስ ማንቂያው ሲጮህ ሕንጻው ሙሉ በፒጃማ በረዶ ላይ ይወጣል። አይቻለሁ።

አድራሻ ጂፒኤስ ላይ ስትሞላ ዚፕ ኮዱን አትርሳ። ይህ መንገድ በሞክሼ ከተማ የተሞላ ነው። ኦሮራ ኢሊኖይም ውስጥ አለች። ኮሎምበስ ኢንዲያናም ውስጥ አለች። ካንሳስ ሲቲማ ሁለት ናት፦ አንዷ ሚዙሪ፣ አንዷ ካንሳስ። የማውቀው ልጅ ሞቴሉን የተሳሳተው ካንሳስ ሲቲ ያዘና ሌሊት ሁለተኛ ከፈለ።

ሦስተኛው ቀን ሚዙሪን ማቋረጥ ነው። መንገዱ አብዛኛው በየአቅጣጫው ሁለት ሌን ሲሆን ትራክ ይበዛበታል። ከ2024 ጀምሮ ወደ ሦስት ሌን እያሰፉት ስለሆነ ኮሎምቢያ በምትባለው ከተማ አካባቢም ሆነ ሌላ ቦታ ግንባታ ይገጥምሃል። ግንባታ ውስጥ ቅጣቱ ከባድ ነውና ፍጥነትህን አውርድ።

ትራክ ካልኩ አይቀር የራሴን ወገን ወክዬ ልናገር። ሙሉ ጭነት ያለው ትራክ 80,000 ፓውንድ ነው። በ65 ማይል እየሄደ ፍሬን ቢይዝ ለመቆም ከ500 ጫማ በላይ ያስፈልገዋል፤ አንድ ተኩል የኳስ ሜዳ ማለት ነው። ከፊቴ ክፍት ቦታ ስታይ «ይሄ ሰውዬ ለኔ ትቶልኛል» እንዳትል። ያ የፍሬኔ ቦታ ነው። ስትቀድመኝ ቶሎ ቅደምና ሁለቱም መብራቶቼ በውስጥ ስፖኪዮህ ሲታዩህ ግባ። ጎኔ ላይ ተጣብቀህ ስልክ አታውራ። የኔን ስፖኪዮ ካላየህ እኔም አንተን አላይህም። በቀኝ በኩል ደግሞ ጨርሶ አትሁን።

ካንሳስ ሲቲን ካለፍክ በኋላ ቶፒካ፣ ከዚያ አቢሊን፣ ከዚያ ሳሊና። (እነሱ ሰላይና ነው የሚሏት።) አቢሊን ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ያደገባት ከተማ ናት፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። ይህን ሁሉ ኢንተርስቴት ያሠራው በ1956 የወጣውን ሕግ የፈረመው እሱ ነው። ጃንሆይን በ1954 ዋይት ሐውስ የተቀበላቸውም እሱ ነው። እናትህ ይህን ሲሰሙ ወሬ ይጀምራሉ፤ እስከ ሳሊና ያደርሳችኋል።

ሦስተኛውን ሌሊት ሳሊና እደሩ። ሌላ ቦታ ሳይሆን ሳሊና ያልኩህ በምክንያት ነው። ከሳሊና በኋላ ከተማ ይሳሳል። እስከ ኮሎራዶ ወሰን 250 ማይል ገደማ ሜዳ ነው። ዛፍ የለም፣ ኮረብታ የለም፣ ነፋሱን የሚያግደው ነገር የለም። በረዶው ብዙ ባይወርድ እንኳ ነፋሱ ከመሬት አንስቶ ይነፋውና የራስህን ኮፈን ማየት ያቅትሃል። ሲብስ ባለሥልጣኖቹ መንገዱን በበር ይዘጉታል። አዎ፣ እንደ ግቢ በር። ሄይስና ጉድላንድ ላይ፣ ኮሎራዶ ውስጥም ሊመን ላይ ሰቨንቲ ሲዘጋ ትናንሾቹ ከተሞች በአንድ ሰዓት ውስጥ አልጋ ያልቅባቸዋል። እኔ ትራኬ ውስጥ አልጋ አለኝ። አንተ ስድስት ሰው ይዘሃል። ስለዚህ ውሳኔው ማታ ሳሊና ላይ ይወሰን። ካንድራይቭንና ሲኦትሪፕን ስልክህ ላይ ጫን፤ የሁለቱ ስቴቶች የመንገድ መረጃ ነው። ማታ እይ፣ ጠዋት እይ። ዝግ ከሆነ ወይም ብሊዛርድ (ከባድ የበረዶ ውሽንፍር) ከተባለ ሌላ አንድ ሌሊት ሳሊና ክፈል። ጎን ጎኑን ባለው ገጠር መንገድ ላቋርጥ እንዳትል፤ እሱን ቶሎ የሚጠርገው የለም።

ድንገት ከተያዝክ ከመኪናው አትውረድና አትራቅ። ነዳጅህ ሁልጊዜ ከግማሽ በላይ ይሁን። በየሰዓቱ አሥር ደቂቃ ያህል ሞተር አስነስተህ ሙቅ። ከማስነሳትህ በፊት ግን የጭስ ማውጫውን ከበረዶ ጥረግ፤ ከተደፈነ ጭሱ ውስጥ ያለው ሽታ የሌለው መርዝ ወደ ውስጥ ገብቶ ይገድላል። ብርድ ልብስ፣ ውሃና ምግብ የሚቀመጠው እጅ በሚደርስበት ነው። ሻንጣ ሥር አትቅበረው።

ዩሆሉን ተወው ያልኩህም በዚሁ ነፋስ የተነሳ ነው። ዩሆል ራሱ ተጎታቹን ስትጎትት ከ55 ማይል እንዳታልፍ ይላል። ካንሳስ ላይ የተፈቀደው 75 ነው። ትራኩ ሁሉ አጠገብህ እየሾለከ ሲያልፍ፣ የጎን ነፋሱ ሲገፋህ፣ ከኋላ ያለው ሣጥን መወዛወዝ ይጀምራል። ጎትቶ የማያውቅ ሰው ያኔ ፍሬን ይይዛል፤ የሚገለብጠውም እሱ ነው። ትክክለኛው እግርን ከነዳጅ አንስቶ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ይህን ለመማር ግን ልጆች የተጫኑበት መኪናና ዲሴምበር ጥሩ ትምህርት ቤት አይደሉም። ደግሞም በ55 ከሄድክ አራቱ ቀን አምስት ይሆናል። ዕቃውን በካርቶን አድርገህ በፖስታ ላክ፤ አንዱ ካርቶን እስከ 70 ፓውንድ ይቀበላሉ፤ መጽሐፍ ደግሞ በርካሽ የሚሄድበት መንገድ አለው። ፖርቶ መጋላ ላይ የምትጭነውም ቀላልና ዝቅ ያለ ይሁን። ፍራሽ አስሮ ካንሳስ የሚገባ ሰው አይቼ ዞር ብያለሁ።

ስለ ሰንሰለቱ ያስፈራሩህ ሰዎች ካርታ አላዩም። አንተ የምትመጣው ከምሥራቅ ነው። ዴንቨርና ኦሮራ ያሉት ከተራራው በፊት ነው። በሰቨንቲ ላይ ከሴፕቴምበር እስከ ሜይ ስለ ጎማ የሚያስገድደው የኮሎራዶ ሕግ የሚሠራው ከዴንቨር ወደ ምዕራብ፣ ከሞሪሰን እስከ ዶትሴሮ ነው። አንተ ጋ አይደርስም። ጎማህ ግን መልካም ይሁን። 25 ሳንቲም ውሰድና የዋሽንግተንን ጭንቅላት ወደ ታች አድርገህ ጥርሱ መሀል ሰካው። የጭንቅላቱ ጫፍ ሙሉ ለሙሉ ከታየህ ለዚህ ጉዞ አልቋል፤ ቀይረው። ንፋሱንም ለካ። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ፋራናይት በወረደ ቁጥር አንድ ፒኤስአይ ገደማ ይጎድላል። ስኮርታውንም አትርሳ፤ የ2015 መኪና ስኮርታ ብዙ ጊዜ ከተገዛ ጀምሮ አልተነፋም።

የመስታወት ማጠቢያው ሰማያዊ ውሃ የበጋው ከሆነ ይቀዘቅዝና ዓይንህ ይጠፋል። ከዜሮ በታች 20 የሚልበትን ቀይረህ ሙላ። ባትሪው አራት ዓመት ካለፈው አስፈትሸው፤ የመለዋወጫ ሱቆች በነጻ ያዩልሃል።

ልጆቹ ወፍራም ጃኬት ለብሰው የልጅ ወንበራቸው ላይ አይታሰሩ። ቀበቶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ ግጭት ሲመጣ ጃኬቱ ይጨመቅና ልጁ ይሾልካል። ቀበቶውን በቀጭን ልብስ አጥብቅ፤ ጃኬቱን ከላይ ደርብላቸው።

እናትህ። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለ መድኃኒታቸውና ስለ ጾሙ ከመነሳታችሁ በፊት ሐኪማቸውን ጠይቁ። ለሕመምተኛ ቤተ ክርስቲያን ታዝናለች፤ የንስሐ አባታቸው ቢያነጋግሯቸው ካንተ ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ። ከመንገዱ አንጻር የማውቀውን ልንገርህ። ኢንሱሊን ከሆነ የሚወስዱት መኪና ውስጥ አያድርም። ከቀዘቀዘ ቢሟሟም ተበላሽቷል። ከሻንጣ ጋር ከኋላ አይቀመጥ፤ ባለቤትህ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። በየሁለት ሰዓቱ ወርደው ትንሽ ይራመዱ፤ ረጅም መቀመጥ እግር ላይ ደም ያረጋል። የሚቀመጡት መሀለኛው ረድፍ ላይ ይሁን። ሦስተኛው ረድፍ የአጎትህ ልጅ ነው፤ ቅር አይበለው።

የጾም ምግብ ሃይዌይ ላይ ጭንቅ ነው። ነዳጅ ማደያ የምታገኘው ቺፕስና ኦቾሎኒ ነው። ከቤት ያዙ፦ ደረቅ የጾም ፍርፍር፣ ሽሮ በቴርሞስ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሙዝ። በኮሎምበስም፣ በኢንዲያናፖሊስም፣ በሴንት ሉዊስና በካንሳስ ሲቲም የሐበሻ ምግብ ቤት አለ፤ በገናው ሰሞን ግን ሳትደውል አትሂድ። ስኳሩ ዝቅ ቢልባቸው የሚቀመስ ጭማቂ እጃቸው ላይ ይኑር። ስለ ዴንቨር ከፍታም ሰው ያስፈራራችኋል። 1,609 ሜትር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ናት። እናትህ ይስቁበታል፤ ግን ሐኪሙን ስትጠይቁ እሱንም አንሱለት።

አራተኛው ቀን እንግዲህ ሰማዩ ከፈቀደ ነው። ሳሊናን እንዳለፍክ የነፋስ ተርባይኖቹ ይጀምራሉ፤ ልጆቹ ይቁጠሩ። የማይል ቁጥሮቹንም አሳያቸው። ወደ ምዕራብ ስትሄድ ቁጥሩ እየቀነሰ ይመጣል፤ እስከ ስቴቱ ወሰን የቀረህ ማይል ማለት ነው። «ደረስን ወይ?» ሲሉህ ራሳቸው ያንብቡ። 911 ብትደውልም መጀመሪያ የሚጠይቁህ እሱን ቁጥር ነው። ሄይስ ላይ ነዳጅ ሙላ፣ ኮልቢ ላይ ደግመህ ሙላ። ሜዳ ይመስልሃል እንጂ መንገዱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከፊት ነፋስ ካለ ነዳጅህ ከለመድከው በላይ ይጠጣል።

ኮሎራዶ ውስጥ ስትቀዳ ደግሞ ተጠንቀቅ። ርካሹ ነዳጅ ላይ የተጻፈው የነዳጁ ደረጃ (ኦክቴን) 85 ነው። የመኪናህ መመሪያ 87 ነው የሚለው። ቁጥሩን አይተህ ተጫን። ሊመን ላይ ሰማዩ ጥርት ካለ በግራ በኩል ፓይክስ ፒክ ይታያል፤ ከዚያ እስከ ኦሮራ 80 ማይል እንኳ አይሞላም። ጫፉን ያየ ልጅ ያኔ «ያ ተራራ ነው የሚዘጋብን?» ይላል። እዚያ አንደርስም በለው።

ከገባህ በኋላ የኮሎራዶ መንጃ ፈቃድ ለማውጣት 30 ቀን፣ መኪናውን ለማስመዝገብ 90 ቀን አለህ። መጀመሪያ ግን ተኙ።